ዓይነ አፋሯ

«ቆማችሁም ጠጡት ተቀምጣችሁ፣ እሷ እንደሆነች አትቸኩልም» አለች የሕንፃው በር ጠባቂ ፈርናንድ፣ ለጎረቤቶቹ ቡና እያደለች።

አርሜል ከሞተችው እናቷ ከሊዮንቲን ራስጌ ቆማለች። ሁለተኛው ቀን ነው፤ ቀብሩ ነገ። መስኮቱ ለሐዘን ተዘግቶ ሁለት ሻማ ብቻ ይበራል። የሚመጣው ሁሉ ጠበል የነካውን ቅርንጫፍ አንስቶ አልጋው ላይ በመስቀል ይረጫል፤ ከዚያ ዓይኑ ከራስጌው ሲደርስ ይደናቀፋል። የሊዮንቲን ፊት በዳንቴል መሐረብ ተሸፍኗል።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ወግ ነው?» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

«የልጅቷ። ሟቿ ብትጠየቅማ መስተዋት ስጡኝ ነበር የምትለው» አለች ፈርናንድ።

አርሜል ሰምታለች። መሐረቡን ያለበሰቻት ትናንት፣ አማቷ ማዳም ቤርቶ እያለከለኩ ደረጃውን ሲወጡ ስትሰማ ነው። ማዳም ቤርቶ ሊዮንቲንን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የሚያውቁት የአርሜል እናት ልብስ ሰፊ እንደሆነችና ሁልጊዜ እንደምትታመም ነው። ለሠርጉ ታመመች። ለልጅ ልጇ ክርስትና ታመመች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እውነት የታመመችው አንዴ ብቻ፣ ያው በዚህኛው ሳምንት ነው።

ሊዮንቲን ለቀራፂ ራቁቷን የምትቆም ሞዴል ነበረች። አርባ አምስት ደቂቃ ትቆማለች፣ አስራ አምስት ታርፋለች፤ ተመልሳ ስትወጣ ቦታዋን እንዳትስት በእግሮቿ ዙሪያ ሳንቃው ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ተረከዟ ነጭ ነው። ትንሿ አርሜል ያንን ነጭ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላት ነበር፣ ዱቄት እየመሰላት።

አስራ አንድ ዓመት ሲሞላት ዱቄት አለመሆኑን አወቀች። መናፈሻው ውስጥ ራቁቷን ሆና ፀጉሯን የምታበጥር የነሐስ ሴት ሐውልት ቆማለች። የክፍል ጓደኛዋ ቀና ብላ አየችና «አርሜል፣ ይቺ እናትሽ አይደለችም እንዴ?» አለቻት።

«እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም።»

ሊዮንቲን የልጇን ካፖርት ክንዷ ላይ አድርጋ ከኋላቸው ቆማ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አስር እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርታ ተከተለቻት፤ እንደማይተዋወቁ ሰዎች።

በዚህ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን፣ ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ገቡ።

«ሙሴ ቬርኑ፣ ለቅሶ ቤትም ጭቃ ይዘው ይመጣሉ?» አለች ፈርናንድ።

«አንቺ ቡና ይዘሽ ትገቢ የለም?»

አርሜል ፊቷ ጋለ። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ማድ ቤት አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች። «እባክዎ፣ አማቴ እዚያ አሉ። አያውቁም።»

«ፊቷን ልሠራ ነው የመጣሁት ልጄ። ጄሶ አልደፋባትም፤ ከሰው ገላ ቅርፅ መገልበጥ በእኛ ሙያ ሌብነት ነው። እያየሁ፣ በእጄ ነው የምሠራው። ሃያ ሦስት ዓመት የከለከለችኝ ፊት ነው።»

«እሷ ከለከለችዎ?»

«ከመናፈሻው በመጣሽ ማግስት ነው። ሳንቃው ላይ ወጣች፣ ጠመኔው ውስጥ ቆመች፣ ክንዷን አንስታ ፊቷን ሸፈነች። የጀመርነው ይሄን አይደለም አልኳት። ‹ወይ እንዲህ ይሠሩኛል ወይ ሌላ ይፈልጉ፤ ልጄ ትምህርት ቤት አላት› አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ሥራ ላይ ፊቷን አልሰጠችኝም። ነሐሱን የገዛው ነጋዴ ‹ዓይነ አፋሯ› ብሎ ሰየመው። ስነግራት ሳቀች። ‹የሌላ ሰው ስም ነው የሰጣችሁኝ› አለች።»

አርሜል የቡና ማንቆርቆሪያውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «ዓይነ አፋሯ» የመናፈሻው ማዶ በር አጠገብ ናት። እሁድ እሁድ ማዳም ቤርቶ ፀጉር አበጣሪዋን በጃንጥላቸው ጋርደው ያልፉና ዓይነ አፋሯ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። «አየሽ፣ ራቁቷንም ሆና ጨዋ ናት» ይላሉ። አርሜል በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች። ዘጠኝ ዓመት ነቅንቃለች፣ ደግነቱ ፊቷ አይታይም እያለች በሆዷ።

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ማዳም ቤርቶ ስኒያቸውን እንደያዙ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ በዓይናቸው ለኩ።

«እኚህ ማን ናቸው፣ ልጄ?»

ዘመድ ናቸው ማለት ይቻል ነበር። ውሸቱ አፏ ላይ ደርሷል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መንገዱን ያውቀዋል።

«ቀራፂ ናቸው። እናቴ ሞዴላቸው ነበረች።»

ሹክሹክታው ቆመ።

«ልብስ ሰፊ አልነበረችም?» አሉ ማዳም ቤርቶ።

«አልነበረችም። እርስዎ ያውቋታል። እሁድ እሁድ ጨዋ ናት የሚሏት እሷ ናት። ፊቷን የሸፈነችው እኔ ስላፈርኩባት ነው።»

ማዳም ቤርቶ ስኒውን አስቀመጡ፤ ጓንታቸውን አንስተው ግን አላጠለቁትም።

አርሜል ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። የሐዘን ቤት መስኮት ቀብር ሳይወጣ አይከፈትም። የመስከረም ብርሃን አልጋው ላይ ወደቀ። መሐረቡን አነሳች። አፍንጫው ያው የፀጉር አበጣሪዋ ነው፣ ጉንጩ ያው ነው፤ አጥንት አያረጅም።

ሙሴ ቬርኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ትንሽ ወደ ግራ አዞሩት፣ ደግመው ተቀመጡ። ከኪሳቸው ስባሪ ጠመኔ አውጥተው፣ የወንበሩ ቦታ እንዳይጠፋ ወለሉ ላይ ሊያሰምሩ ለማጎንበስ ሲሞክሩ ወገባቸው እንቢ አለ።

አርሜል ጠመኔውን ከእጃቸው ወሰደች። በጥቁር የሐዘን ቀሚሷ ከእናቷ አልጋ ሥር ተንበረከከችና፣ በወንበሩ እግሮች ዙሪያ አንድ በአንድ አሰመረች።