የቁርቁራው ማረፊያ

ከቆቦ ወደ ምዕራቡ ተራራ የሚወጣውን የእግር መንገድ በፈቃዳችን የምንጠግን ዐሥራ አንድ ሰዎች ነን። ሐሙስ ሐሙስ ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን፤ ጎርፍ የበላውን እንሞላለን፣ እሾህ እንመነጥራለን፣ የተናደ ካብ መልሰን እንክባለን። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ብወጣም የማዘዝ አመሌ አልለቀቀኝም። ባለቤቴ ማርታ፣ ተማሪ ሲያጣ ድንጋይ ማሰለፍ ጀመረ እያለች ትስቅብኛለች።

ከሥራችን ሁሉ የምኮራው ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ በሠራነው ማረፊያ ነበር። ቦታው ጠባብ ስለነበር ሕመምተኛ በቃሬዛ የሚያወርዱ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ይጨነቁ ነበር። ዳር ላይ፣ ከአንድ ቁርቁራ ሥር፣ የድንጋይ ክምር ነበረ። አምና ሰኔ ላይ እኔና አሊ ከሁለት ወጣቶች ጋር ሆነን ክምሩን አነሳንና መንገዱን አሰፋነው። በድንጋዩም ዛፉ ሥር የሚቀመጡበት መደብ ካብን።

አሊ ያን ቀን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዶማውን ተደግፎ ቆመ። በዕድሜ የሚበልጠኝ ገበሬ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም።

"መምህር፣ ይኼ ክምር ረዘም ያለ ነው። ሰው አስቦ የከመረው ይመስላል። ጠይቀን ብናነሳው ምን ይለናል?" አለኝ።

በእኛ አገር ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በየዳሩ ይከምራል፤ እንዲህ ያለ ክምር ሞልቷል። ክረምቱም ደርሶብኝ ነበር፤ ሰው ፊት መታረምም አልወድም። ድንጋይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለቤት ያበጀው ብዬ አሾፍኩበት። ልጆቹ ሳቁ። አሊ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሳ። እኔም ከሥራው በፊትና በኋላ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ያለቀውን ማረፊያ ያላሳየሁት ሰው የለም።

ባለፈው ጥር ብዙነሽ የምትባል ሴት ከጎብዬ መጣች። ወንድሟ ኤፍሬም ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከጓደኛው ከሰላሁዲን ጋር ወደ ተራራው እንደሸሸ ነው የቀረው። ሰላሁዲን ተሰድዶ፣ በሰው አገር ታስሮ፣ ገና ዘንድሮ ተፈትቶ ስልክ ደወለላት። ኤፍሬም በጥይት ተመትቶ መንገዱ ላይ እንደሞተ፣ በራሱ ሽርጥ ጠቅልሎ እንደቀበረው፣ ቁርቁራ ሥር እንደሆነና አውሬ እንዳያወጣው ድንጋይ እንደከመረበት ነገራት። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሟን አውጥታ ጎብዬ፣ ከእናታቸው ጎን፣ የአገሩ እድር፣ ቅሬው፣ በወጉ እንዲቀብርላት። ቀበሌው ፈቅዶላት እንድናግዛት ወደ እኛ ላካት።

ድንጋይ ከመረበት ስትል አምና ያነሳነው ክምር ትዝ አለኝ። በዚያ ዳገት ላይ ከሃያ የማያንስ ቁርቁራ አለ፤ የትኛው እንደሆነ የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ከአባሎቻችን አንዷ ራሔል፣ መምህር የመንገዱን የድሮ ፎቶ ሳያስቀምጥ አይቀርም አለቻት። ብዙነሽ ዞር ብላ አየችኝ። ፎቶዎቹ ጠፍተውብኛል አልኳት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አሊ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ሦስት ቀን ቆፈርን። ከአንዱ ቁርቁራ ወደ ሌላው እየሄድን፣ ምንም እንደሌለ እያወቅሁ፣ እዚህ ሞክሩ፣ እዚያ ሞክሩ እያልኩ አዘዝኩ። ቀትር ሲሆን ብዙነሽ ማረፊያው ላይ ቁጭ ብላ ምሳዋን ትፈታለች፤ ኑ ቅመሱልኝ ትለናለች። እግሯ ያረፈበትን መሬት እያየሁ የሰጠችኝን ጉርሻ በእጄ እንደያዝኩ እቀራለሁ።

ለምን አልነገርኳትም? ፈራሁ፤ አፈርኩም። ከሰኔ ወዲህ ስንት ሰው፣ ስንት የተጫነ አህያ በላዩ አልፏል፤ መንገድ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ከምትሰማ ጎርፍ ወሰደው ብላ ብትጽናና ይሻላታል እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ውሸቴን ነው። ያዘንኩት ለራሴ ስም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ብዙነሽ ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች። በቃ እግዜር አልፈቀደም፣ ልሂድ አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

"መምህር፣ ወንድሜ ሰው በሌለበት ዱር ቀረ እያልኩ ነበር የማለቅሰው። ደግ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ዳር መሆኑን ሳይ ትንሽ ቀለለኝ። እናንተን ያቆይልኝ" አለችና ትከሻዬን ልትስም ጠጋ አለች።

ምርቃቷን መሸከም አቃተኝ። ስልኩን አወጣሁና ከሥራው በፊት ያነሳሁትን ፎቶ ሰጠኋት። ክምሩን አየች፤ ዛፉን አየች፤ ቀና ብላ ከጎናችን ያለውን ዛፍ አየች።

"የቱ ጋ ነው?" አለችኝ።

የቆመችበትን አሳየኋት። ብዙነሽ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"የመጣሽ ዕለት" አልኳት።

ስልኩን መለሰችልኝ። አሊ ወደ እሷ ቀረብ ብሎ፣ እኔም አውቅ ነበር እህቴ፣ በእጄ ነው ያነሳሁት አላትና በፎጣው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እጁን ያዘችው። ከዚያ እሱ ራሱ ቆፈረ፤ በአካፋ ጀምሮ ኋላ በእጁ ጫረ። ጥልቅ አልነበረም። የሽርጡ ጠርዝ ብቅ ሲል ኢናሊላሂ ብሎ ተነሳና ቦታውን ለእሷ ለቀቀላት።

በማግስቱ ጠዋት የጎብዬ ቅሬ ቃሬዛ ይዞ መጣ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ። ኤፍሬምን አንስተን ቁልቁል ጀመርን። ቁልቁለቱ አድካሚ ስለሆነ ሸካሚ በየመቶ እርምጃው ይቀያየራል። ተራዬ ሲደርስ ጋቢዬን አጣፍቼ ትከሻዬን ከእንጨቱ ሥር ላስገባ ስል ብዙነሽ እጇን እንጨቱ ላይ አሳረፈች።

"እርስዎ ሦስት ቀን ሙሉ ደክመዋል፣ መምህር። ይቅርብዎት" አለችኝ።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አሊ በእኔ ቦታ ገባና ሄዱ። እኔ ዶማዎቹን ሰብስቤ ከኋላ ወረድኩ።