የተዘቀዘቀ ነጠላ

«ወርቄ፣ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽዋል እኮ። ማን ሞተና ነው?»

ካሳነሽ በአጥሯ በር ላይ ቆማ እየሳቀች ነው የጠየቀቻት። ወርቄ ወደ ትከሻዋ ብታይ እውነትም ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። ከትናንት ጀምሮ እጇ እሷን ሳያማክር ነው የሚሠራው።

«ቸኩዬ ነው እቴ» አለችና እዚያው አገላብጣ ለበሰችው። «ይልቅ ነይ፣ ሲስተር እንዳትቆጣን።»

የካሳነሽ ልጅ ሸጋው ሞቷል። ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ ወባ ጣለው፤ እዚያው ቀበሩት። ወሬው ደባርቅ የገባው ትናንት ነው። የካሳነሽ ወንድም ያርጋልና የነፍስ አባቷ አባ አለነ ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ። ካሳነሽ ደም ግፊት አለባት፤ ሴት ልጇ ዛሬ ማታ ከጎንደር ትግባና ያርጋል ቤት ትደር፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው ይነገራት ተባለ። ደንቡም ይኸው ነው። መርዶ መንገድ ላይ አይጣልም፣ እናትም ብቻዋን አትሰማም። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ ከቤቷ እንዲርቅ ያርጋል አስጠነቀቀ፤ ፊት ያሳብቃልና። ወርቄና ካሳነሽ ግን ዓርብ ዓርብ ጤና ጣቢያ አብረው ነው የሚሄዱት። ወርቄ ብትቀር መቅረቷ ራሱ መርዶ ሊሆን ነው።

በጤና ጣቢያው ጓሮ ከባሕር ዛፉ ሥር ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ግፊቱ፣ ጨጓራው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ያሰባሰባቸው የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሲስተር እየሩስ ገና ልጅ እግር ነርስ ናት፤ ለአገሩም አዲስ። እሷ ያመጣችው ትምህርት መጀመሪያ ላይ ያስቃቸው ነበር። «ሆዴ ባባ» ብሎ መጀመር ክልክል ነው። መጀመሪያ ገላሽ ላይ ምን ተሰማሽ፤ ቀጥሎ ይከብዳል ወይስ ይቀላል፤ የስሜቱ ስም የሚጠራው በመጨረሻ ነው። የሚሰማው ደግሞ ዝም ብሎ ይሰማል፤ «አይዞሽ» ማለት እንኳ የለም።

«ሆዳችን ካልባባ ምናችን ይባባ፣ ሲስተር?» ብላ ካሳነሽ አንድ ዓርብ ሁሉንም አስቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከሁሉ ቀድማ የለመደችው እሷው ሆነች።

«እትዬ ወርቄ፣ ዛሬ እርስዎ ይጀምሩልን» አለች ሲስተር እየሩስ።

ወርቄ መሬት መሬቱን አየች። «ጉሮሮዬ ላይ እንደ ቆሎ የተሰነቀረ ነገር አለ። እጄ ይቀዘቅዘኛል። ጆሮዬ ደግሞ ይግላል።»

«ይከብዳል ይቀላል?»

«ይከብዳል።»

«ስሙስ?»

«ድካም ነው።»

«ድካም ጆሮ ያግላል እንዴ?» አለች ሲስተር በለሆሳስ።

ወርቄ ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች። የጆሮዋ ግለት እፍረት ነው፤ ጓደኛዋን እያታለለች ነዋ። የእጇ ቅዝቃዜ ፍርሃት ነው። የጉሮሮዋን ደግሞ ያለጥርጥር አወቀችው፤ ሐዘን ነው፤ በጨቅላነቱ አዝላ ያባበለችው የሸጋው ሐዘን። ሦስቱን እንዲህ ለይታ ስታበቃ የባሰ ጨነቃት፤ አንዱንም ጮክ ብላ መጥራት አትችልም።

«እትዬ ካሳነሽስ?»

«ጡቴን» አለች ካሳነሽ። «ከሰሞኑ ጡቴን ይወጋኛል። ሸጋውን ሳጠባ ወተቱ ሲሞላ እንደሚያደርገኝ።»

አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሌሎቹ አቀረቀሩ።

«ይከብዳል?»

«ከብዶስ ከብዷል።»

«ስሙ ምን ይመስልዎታል?»

ካሳነሽ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይኗን የተቀበላት አልነበረም። «ጭንቀት ነው እል ነበር። ጭንቀት ግን ያሯሩጣል፤ ትናንት ከቆላ የመጣውን ሁሉ እያስቆምኩ ልጄን ስጠይቅ ነው የዋልኩት። ዛሬ ጠዋት ግን መደብ ላይ ቁጭ አደረገኝ። ቁጭ የሚያደርገው ሌላ ነው።» እጇን ጡቷ ላይ አሳረፈችና፣ «ስሙን ለዛሬ ልተወው፣ ሲስተር» አለች።

ሲስተር እየሩስ ምንም አታውቅም። «ይተዉት፣ ግድ የለም» አለቻት።

ሲመለሱ እስከ ካሳነሽ አጥር አብረው መጡ። እዚያ ሲደርሱ ካሳነሽ ቆመች።

«ያርጋል ትናንት በደጄ አልፎ ሄደ፤ ሳይገባ አልፎ አያውቅም። አባ አለነም ጠበል ሊረጩልኝ ቀጥረውኝ ቀሩ። አንቺ ደግሞ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ መጣሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፣ ወርቄ።»

«ካሴ...»

«ንገሪኝ አላልኩሽም። ደንቡን አውቃለሁ፤ እኔስ ለስንቷ እናት ጎህ ሲቀድ ሄጄ የለም? ብቻ እንዳታንኳኩብኝ። አባቱ የሞተ ጊዜ በሩ የተንኳኳው መንኳኳት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አልቀረቅረውም፤ ዝም ብላችሁ ግቡ።»

ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ወርቄ አጥሩ ጋ ቀረች። የራሷ ቤት ከዚያ አለፍ ብሎ ነው። ያርጋል «ፊትሽን እንዳታሳያት» ብሏል፤ አባ አለነም እስከ ጎህ ይጠበቅ ብለዋል። እስከ ጎህ ግን ገና ብዙ አለ፤ ያንን ሁሉ ሰዓት ካሳነሽ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው። ቆሎው ከጉሮሮዋ አልወረደም። አሁን ግን እጇ መቀዝቀዙን ትቷል።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ዘቅዝቃ ለበሰችና በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።