ጅራቱ የተጎነጎነው ፈረስ

ፎልከር ሳንጃውን ከሰገባው መዝዞ በእናቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲያጋድመው፣ ሮስቪታ ክው ብላ ቀረች።

«አይዞሽ እማ፣ አይናከስም» አለ እየሳቀ። «የሰልፍ ሳንጃ ነው። ወታደሩ ከኪሱ ከፍሎ ያሠራውና እሁድ እሁድ ልጃገረዶች ፊት የሚንጎራደድበት እንጂ ሰው የሚወጋበት አይደለም።»

ለቀባሪው አረዱት! ሮስቪታ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ የጀርመን የስለት ከተማ ዞሊንገን፣ ስለት ላይ ሥዕል ከሚቀርጽ አባት ቤት ነው። ያስደነገጣት ሳንጃው ሳይሆን በስለቱ ላይ በአሲድ የተቀረጸው ፈረስ ነበር። ጅራቱ እንደ ልጃገረድ ፀጉር ተጎንጉኗል።

«ጅራቱን አየሽው? የመቶ ሃያ ዓመት ዕቃ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የድሮ ሳንጃ ስሰበስብ እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። ነገ ማኅበሩ ፊት ቆሜ ‹አቻ የለውም› ልላቸው ነው። አቶ ፒፐንሽቶክ እንኳ አፋቸውን ይይዛሉ።»

አቶ ፒፐንሽቶክ የሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። አምና አንድ አባል ሐሰተኛ ዕቃ እውነተኛ ነው ብሎ ቢሟገት፣ «ለዚህ ሰው የዳቦ ቢላ እንኳ አታሳዩት» አሉ። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ድርሽ አላለም። ፎልከር ደግሞ ሚስቱ ከተለየችው ወዲህ ከዚያ ማኅበር ሌላ ወዳጅ የለውም።

ልናገር? ዝም ልበል? ዝም ብል አንዱ ነቅቶበት ልጄን መሳቂያ ቢያደርገውስ?

«የድንች ቂጣው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለች።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ እኮ ዐመድ መሰለ።»

«ነገ ይዘኸው አትሂድ። ስለቱ የድሮ ነው። ሥዕሉ ግን... ያንን ጅራት የጎነጎንኩት እኔ ነኝ።»

ፎልከር ከት ብሎ ሳቀ። «እማ! ያኔ መቼ ተወለድሽና!»

«ስማኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራ ሲጠፋ አያትህ ሥዕል የሌላቸውን የድሮ ሳንጃዎች እየገዙ፣ ሬንጅ ቀብተው፣ ሬንጁን በመርፌ እየጫሩ ይሥሉባቸውና አሲድ ውስጥ ይነክሯቸው ነበር። ሥዕል ካለበት ሰብሳቢው ይሻማበታል። አንድ ቀን እጃቸውን ቢያማቸው መርፌውን ለእኔ ሰጡኝ። የእኔ ፀጉር ጉንጉን ነበርና ለፈረሱም ሠራሁለት። ጆሮዬን ቆነጠጡኝ።»

«አያቴ አጭበርባሪ ነበሩ እያልሽኝ ነው?» ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ከሰኮናው ሥር ያለውን ሣር እየው። የስሜን ሁለት ፊደሎች ደብቄበታለሁ። እሳቸውም አላወቁ።»

አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። ሮስቪታ የጠረጴዛ ልብሱን ጠርዝ ታፍተለትላለች። ዛሬ ልጄን አጣሁት አለች በልቧ።

ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል። «ፎቶውን ለሁሉም ልኬላቸዋለሁ እኮ! ‹እውነተኛ ለመሆኑ አንገቴን ለሰይፍ› ብዬ።»

«ደውልና አሞኛል በላቸው።»

«ከዚያስ? በየወሩ ልታመም?» ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ተመለሰ። «እውነቱን እናገራለሁ። ግን በእኔ አፍ ወሬ ነው። አንቺ አብረሽኝ ትመጪና እንዴት እንደተሠራ ታሳያቸዋለሽ።»

«ያ ሁሉ ወንድ ፊት? ቢስቁብኝስ? ፖሊስ ቢጠሩስ?»

«ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ? ለአንዲት ጉንጉን?»

ሮስቪታ የልጇን ፊት አየች። አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ልክ እንደ እሷ ፈርቷል።

«በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለች።