ቀንድ አውጣ የሰፈረችበት ጥርስ

እኔ ቤት ብርጭቆ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ጫካ ነው። አጋነነች የሚል ካለ መጥቶ ቁም ሳጥኔን ይክፈት። በማርማላታው ብልቃጥ ጫካ፣ በስኳሩ ማስቀመጫ ገደል፣ ለእንግዳ ብዬ ባስቀመጥኳቸው ብርጭቆዎች ኩሬ። ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ክዳን ያለው ነገር ሁሉ አፈር ገብቶበታል፤ እኔም ትንሽ ዝም ብዬ ብቀመጥ ጠጠር ሳያነጥፍብኝ አይቀርም።

አፈሩን በሻይ ማንኪያ ይጠቀጥቃል። ችግኟን በእኔው የቅንድብ ወረንጦ ይተክላል። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ “በቃ፣ ከአሁን በኋላ ዝናቧን ራሷ ታዘንባለች” ይላል። እውነትም ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ያልበውና ጠብ ጠብ ይላል። የእኛም ጣሪያ እንደዚያው ያደርጋል፤ እሱን ግን ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ይህ ሰው፣ ልብ በሉልኝ፣ ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ በድምፅ ማጉያ ሲናገር የኖረ ነው። “ክቡራን ተሳፋሪዎች” ሲል ያኮረፈ ሹፌር እንኳ ፊቱ ይፈታል። ከአፉ ማር ጠብ ይላል ይሉኝ ነበር ሰዎቹ። እኔ ምኑን አውቄው! ለዓለሙ ሁሉ ሲናገር ውሎ ወደ ቤት ሲመጣ ድምፁን ከኮቱ ጋር በር ላይ ሰቅሎ ነው የሚገባው። “እህ”፣ “እሺ”፣ “ጨው አንሷል”። ከተጋባን ጀምሮ የሰማሁት ይኸው ነው። አንዲቷ ልጃችን ግን በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የመናኸሪያው አጥር ሥር ቆማ ድምፁን ትሰማ ነበር። ታዲያ ልታገባ ስትል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“አባዬ፣ ስጦታ አልፈልግም። ሠርጌ ላይ ተነሥተህ ተናገርልኝ።”

“እህ” አላት። እሱ “እህ” ካለ ማለ ማለት ነው።

አሁን ጉዱን ስሙ። የባሌ ጥርስ የሚወልቅ ነው፤ የላዩም የታቹም። ሲተኛ አውልቆ ራስጌው ባለ የውሃ ብርጭቆ ይከተዋል። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ብርጭቆ አለች፤ ውሃ ውስጥ ሣር የተተከለባት፣ አንዲት ቀንድ አውጣ የምትኖርባት። አንድ ማታ መነጽሩን አስቀድሞ አወለቀና ጥርሱን ከኩሬው ጨመረው። ጠዋት ስነቃ ሰውዬው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ብርጭቆዋን በማጉያ መስታወት እያየ እንባው ይፈሳል።

“ምነው? ምን ሆንክ?”

“ወልዳለች” አለኝ። ከአፉ የወጣው “ፎልፋለፍ” ነው፤ እኔ ነኝ የገባኝ።

ቀንድ አውጣዋ ከላይኛው መንጋጋ በስተውስጥ እንቁላሏን ለጥፋለች። ጥርሱ ጠጠሩ ላይ ተደላድሎ በሣሩ መሐል ሲታይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፉ ውስጥ ከነበረው ያምራል።

“አውጣና እጠበው” አልኩት።

“እስኪፈለፈሉ” አለ።

ተፈለፈሉ። እልል ብዬ እጄን ልሰድ ስል የታችኛው ላይ ሌላ እንቁላል። ቀንድ አውጣ እንዲህ ወላድ መሆኗን መች አውቄ! ልጆቹም አደጉ፣ እነሱም በተራቸው ለጠፉ። ሠርጉ እየቀረበ፣ ሰውዬው ሾርባ እየጠጣ፣ ጥርሱ ላይ ሰፈር ተቆረቆረ።

ደሜ ፈላ። ልጄን ጠርቼ “አባትሽን አንድ በዪልኝ” አልኳት። እየፎከረች ገባች። ቆየችብኝና ብከተላት አባትና ልጅ ማጉያ መስታወቱን እየተቀባበሉ ያያሉ።

“እማዬ፣ ትንሿ እኮ ክራንቻው ጫፍ ላይ ወጣች!”

“ንግግርሽስ?” አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። “ታዲያ እናት ከነልጆቿ እናፈናቅል?” አለች። ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያን ድምፅ ምን ያህል እንደምትፈልገው አውቃለሁና አንጀቴን በላችው።

የጥርስ ሐኪሙን ለመንኩ። “ዶክተር፣ ይምጡና ይገሥጹልኝ፤ እርስዎን ይሰማል።” መጣ። ኮስታራ ወጣት ነው። ጓንቱን አጠለቀ፣ ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን አነሣ፣ አዞረ፣ እንደገና አዞረ።

“እናቴ” አለኝ፣ “ይሄንን መንቀል ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ነዋሪ አለበት።”

ወይ ነዶ! ቀጥሎ ወደ ባሌ ጎንበስ ብሎ “ሣሩን ከየት አገኙት?” ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። አዲስ ጥርስ እሠራለሁ፣ ለሠርጉ ግን አይደርስም ብሎኝ የመጨረሻዋን ባዶ ብልቃጤን ይዞ ወጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

በዚህ መሐል ሌላ ነገር መጣ። ሰውዬው ማውራት ጀመረ። ጎረቤት አይገባውም፣ ባለሱቁ አይገባውም፣ ስለዚህ ቃሉን ሁሉ ይዞ ወደ እኔ። ሽንኩርት ስከትፍ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ስለ ደመናው፣ ስለ ድሮ አለቃው፣ አውቶቡስ አምልጧት መናኸሪያው ውስጥ ስለዘፈነችው ሴትዮ። እንደሚተነፍስ ጎማ ፉፉ ይላል፤ ለእኔ ግን ጥርት ብሎ ይገባኛል። ከአንድ “እህ” ስንት ነገር ስትለቅም የኖረች ሴት ይሄ ምን ያቅታታል!

ሠርጉ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የመናኸሪያ ጓደኞቹ ተመቻችተው ተቀምጠዋል። ባሌ ተነሥቶ ድምፅ ማጉያውን እንደ ድሮው በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገ። ሙሽራዋ ቬሏን ከጆሮዋ ገለጥ አደረገች።

“ፍፍፍ” አለ ባሌ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። እሳት ለብሼ ዞርኩበት። ልጄ ወደ እኔ አይታ “እማዬ፣ ምን አለ?” አለችኝ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

“ልጄ፣ ድምፄን ፈልገሽ ነበር፤ የተረፈኝ ይኸው ነው ይላል” አልኩ። ሰው አጨበጨበ። እሱ ቀጠለ፣ እኔም ቀጠልኩ። “መዋደድ ብቻ አይበቃም፣ ተነጋገሩ ይላል።” ልጄ እያለቀሰች ትስቃለች።

ከዚያ ፊቱን ከሙሽሮቹ ወደ እኔ አዞረ። ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ስናገር ኖርኩ፣ አለ። ስንቱን አሳፍሬ ሸኘሁ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሬ መሄድ አላማረኝም፤ እሷ ቤት ነበረችና። ይህን ልነግራት አፍር ነበር። አሁን ከእሷ በቀር የሚገባው ሰው ስለሌለ አላፍርም።

አዳራሽ ሙሉ ሰው አፍ አፌን ያየኛል።

“እማዬ፣ አሁንስ ምን አለ?”

“ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ብሉ ይላል” አልኩና ሄጄ ተቀመጥኩ።

ልጄ ፊቴን አይታ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ሄዳ አባቷን አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። በኋላ ስትሰናበተኝ “ድምፁ እኮ ያው ነው፣ እማዬ” አለችኝ።

አዲሱ ጥርስ ከሠርጉ በኋላ ደረሰ። ባሌ ጠጠር ሊለቅም ወጥቶ ስለነበር ከሐኪሙ እጅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ መናኸሪያ ሙሉ ሰው የሚያናግር ጥርስ። መዳፌ ላይ አድርጌ ብዙ አየሁት። ከዚያ የራሴን የሻይ ብርጭቆ አውጥቼ ጠጠር አነጠፍኩ፤ ሣሩን በወረንጦዬ ተከልኩ፤ ጥርሱን መሐሉ አስቀምጬ ውሃ ሞላሁ፤ ከኩሬው አንዲት ቀንድ አውጣ በማንኪያ አዛወርኩ።

ባሌ ሲገባ አየና እጁን ዘረጋ።

“አትንካ!” አልኩት። “ነዋሪ አለበት።”

ብርጭቆዋን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በርጩማውን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ለቀመው ጠጠር ያወራኝ ጀመር።