የኦዜም ጥቁር ጋምቦ

ኦዜም ጊሎሪ የሰደበኝ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኦፔሉሳስ ውስጥ በቤተክርስቲያናችን ግቢ። የአጎቴ ልጅ ነው። ለጣሪያ ማሠሪያ ምግብ የምንሸጥበት ቀን ነበር። ጋምቦዬን፣ በተቁላላ ዱቄት የሚወፍረውን የአገራችንን ሾርባ፣ በማንኪያ ቀመሰ፣ ሳሩ ላይ ተፋው፣ ከዚያ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሉሺየን ዱቄቱን አሳርሮታል። ለውሻ ስጡት፤ ግን መጀመሪያ ውሻውን አስፈቅዱ» አለ። ቄሱ እንኳን ሳቁ።

አላረረም። እናቴ እንዳስተማረችኝ ዱቄቱን በዘይት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አቁላልቼ ያጠቆርኩት አውቄ ነው። እኛ አገር ሰው ሚስቱን ቢሰድቡበት ይታረቃል፤ ቁሌቱን አረረ ካሉት ግን አለቀለት። ከዚያ ወዲህ ማንም ድስት አስይዞኝ አያውቅም። ለእናቴ ቀብር ያበሰለው ራሱ ኦዜም ነው፤ ያውም ገርጣ ያለ፣ የሕመምተኛ ሾርባ የመሰለ ጋምቦ።

ባለፈው ጥቅምት እንጨት ጭኜ ኒው ኦርሊንስ ወረድኩ። ኦዜም እዚያ ምግብ ቤት ከፍቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ጭነቴን አራግፌ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር፦ እንግዶቹ ፊት ቀምሼ ልተፋበት።

ከጣሪያው ላይ የምረቃ ቆብ የደፋ የደረቀ አዞ ተንጠልጥሏል። እኔ ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አዞው በልጦኛል። ጠረጴዛዬ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ላይ የተጋደመ በር ነው፣ እጀታው እንኳን አልተነቀለም። አስተናጋጇ አንገቷን በዶቃ አጉብጣ መጣችና፣ «ፍቅሬ፣ በሩን እንዳትከፍተው፣ አያቴ እየታጠቡ ነው» አለችኝ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ከኦሃዮ የመጡ እንግዶች ግን በሳቅ ፈረሱ።

ግድግዳው ላይ የአንዲት አሮጊት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «ጥቁሩን ጋምቦ ያወረሱን አያታችን» ይላል። የኦዜም አያት የኔም አያት ናቸው። ይቺን ሴትዮ አላውቃትም።

ጋምቦው መጣ። የድንች ሰላጣውን ለብቻው፣ አበባ ሰክተውበት አቀረቡት። አበባውን አሽቀንጥሬ ድንቹን ጋምቦው ውስጥ ጨመርኩትና አንድ ማንኪያ ጎረስኩ።

የኔ ነው። ያ ጥቁረት፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ የሚቀረው ያ ምሬት፣ የእናቴ እጅ። ልተፋው አፌን አዘጋጀሁ፤ ጉሮሮዬ ቀድሞኝ ዋጠው። ሳህኑን ባዶ አደረግሁት።

«ድንቹን ውስጡ የሚከት የኛ አገር ሰው ብቻ ነው ብዬ ነበር» አለ አንድ ድምፅ። ኦዜም ነው፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ላባ የተሰካበት ኮፍያ ደፍቶ። «ሉሺየን፣ አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አለህ እንዴ?»

«ተፍተኸው ነበር እኮ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ይሄንኑ። የሆሳዕና ዋዜማ ለት። ለውሻ ስጡት ብለህ።»

ከልቡ አሰበ። «እኔ? ወንድሜ፣ በዚያ ዘመን ያልተፋሁት ነገር የለም።» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ አጨበጨበ። «ስሙኝማ፣ ይሄ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ጋምቦ ያውቃል። እሱ ይፍረድ። በል ሉሺየን፣ ጣፍጧል ወይስ አርሯል?»

ማንኪያው ሁሉ አየር ላይ ቆመ። አረረ ብል የእናቴን ድስት በገዛ አፌ ለውሻ መስጠቴ ነው። ጣፈጠ ብል፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር ለኦዜም ምስጋና ሆኖ ሊወጣ ነው።

«እየጠበቅን ነው እኮ» አለ።

ሂሳቤን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ባርኔጣዬን አንስቼ በአዞው ሥር አለፍኩ።

«አያችሁ፣» ሲል ሰማሁት ከኋላዬ፣ «ጋምቦው አፉን አስያዘው።»

እየሳቁ ነበር። ወደ መኪናዬ ሄድኩ።