ተሳለሚልኝ

ልደታ ስለ ዳምቡላ የዋሻ ቤተ መቅደስ የማታውቀው ነገር አልነበረም፤ ከማየት በቀር። በስሪላንካ ምድር በአንድ ግዙፍ ቋጥኝ ሥር ስላሉት ዋሻዎች፣ የድንጋዩን እጥፋት ተከትለው እንደ ድንኳን ጨርቅ ስለተዘረጉት የጣሪያ ሥዕሎች፣ በጎኑ ተጋድሞ ስላለው ቡድሃ ለመመረቂያ ጽሑፏ ስትል ዓመት ሙሉ አንብባለች። ጽሑፏም ከክፍሏ አንደኛ ተባለላት። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ጽሑፉን በመምህራን ፊት የምታቀርብበት ቀን ከጉዞዋ ጋር ተጋጨና እሷ ስቶክሆልም ቀረች፤ አብራት ልትሄድ የነበረችው የአክስቷ ልጅ ሳሌም ብቻዋን ሄደች።

ሳሌም የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ከመሄዷ በፊት፣ "ቡድሃ ሕንዳዊ ነው ቻይናዊ?" ብላ የጠየቀች ሰው ናት። ልደታን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሰነባበቱ ልደታ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ "በይ እንግዲህ፣ ተሳለሚልኝ" አለቻት። ሩቅ ደብር ለሚሄድ ሰው የቀረው የሚለው፣ የቀና ልብ ቃል ነው። እሷ ግን ሽሙጥ ቀብታ ነበር የወረወረችው፤ ደብርና ዋሻ ለማትለይ ሴት።

ሳሌም በተመለሰች በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድ ወዳጅ ብሬዴንግ በሚገኘው በልደታ እናት በወይዘሮ አክበረት ቤት ተሰበሰበ። ምሳ ተበልቶ ሻይ ሲቀርብ ሳሌም ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችና ፎቶዎቿን ታሳይ ጀመር። ልደታ ከሶፋው ጫፍ ተቀምጣ ዓመት ሙሉ ያለመችውን ዋሻ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ተመለከተችው። የበይ ተመልካች ማለት እንዲህ ነው።

"ይሄ የተኛው ማነው?" አሉ ጋሼ ከፍያለው፤ ከሄሰልቢ የመጡ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌርና የቤቱ የቆየ ወዳጅ ናቸው።

"ቡድሃ ነው፣ ጋሼ።"

"ምነው፣ አሞት ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ልደታ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። "በእግሩ ጣቶች ነው የሚታወቀው፣ ጋሼ። የሁለቱ እግሮች ጣቶች እኩል ከገጠሙ አረፍ ብሏል ማለት ነው፤ የላይኛው እግር ትንሽ ወደ ኋላ ከተሳበ ግን ከዚህ ዓለም ያለፈበት ሰዓት..."

"ሙቀቱስ እንዴት ቻልሽው፣ የኔ ልጅ?" አሉ እናቷ፣ ሳሌምን።

የልደታ ማብራሪያ ከሻዩ እንፋሎት ጋር ተነነ። የገዛ እናቷ "የኔ ልጅ" ያሏት ሌላዋን ነው! ያን ጊዜ በስልኳ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ትዝ አላት።

ሳሌም ከዚያው ከዳምቡላ ነበር የላከችላት፤ "ላንቺ ብቻ" ብላ። ልደታ ቱነልባና በሚሉት የከተማው ባቡር ውስጥ ሆና ከፈተችው፤ ሳሌም ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በባዶ እግሯ ጎንበስ ብላ የቤተ መቅደሱን የድንጋይ መቃን ስትስም ስታይ፣ በንዴት ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ አልከፈተችውም።

"አንዷን ረሳሻት እኮ" አለች፣ የራሷን ስልክ ከቴሌቪዥኑ እያገናኘች።

የሳሌም ፊት ተለወጠ። "ልዱ፣ ተይ። እሷ ያንቺ ናት።"

አልተወችም። ሳሌም በቴሌቪዥኑ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ አማተበች፤ መቃኑን ሳመች።

"በስመ አብ!" አሉ ወይዘሮ አክበረት። "ሳሌም! ለጣዖት ደጃፍ?"

ልደታ የጠበቀችው ይህንን ነበር። ነገር ግን አሁን ቪዲዮውን የሚዘጋው ሰው አልነበረምና ቀጠለ። ሳሌም ከመቃኑ ቀና አለች፤ በላብ የወረዛ ፊቷን ወደ ካሜራው አዞረች።

"ልዱ፣ ይኸው ተሳለምኩልሽ" አለች። "የት ጋ እንደሚሳለሙት ስላላወቅኩ በሩን ነው የሳምኩት። ዘበኛው እየሳቀብኝ ነው። ውይ፣ እዚህ መቆም የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ።"

ምስሉ ቀጥ አለ። ወይዘሮ አክበረት ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ተሳለሚልኝ ያልሻት አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

ጋሼ ከፍያለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ አክበረት፣ መልእክተኛ አይከሰስም። ንስሐ አባት ዘንድ የምትሄደው ላኪዋ ናት!"

ሳቁ እንደገና ፈነዳ፤ እናቷም ሳይወዱ ሳቁ። ልደታ ብቻ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። እንዲያፍሩባት የፈለገቻት ሴት፣ በሽሙጥ የተባለውን ቃል እንደ አደራ ይዛ ባሕር ተሻግራበታለች።

እንግዶቹ ካፖርታቸውን ሲፈልጉ ሳሌም አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

"ይቅርታ" አለቻት ልደታ። ወዲያውም፣ ቅናቷ ገና አልለቀቃትምና፣ ጠየቀች። "ድንጋዩ... ይቀዘቅዛል?" ዋሻ ቀዝቃዛ እንደሆነ አንብባለች።

"ምን ይቀዘቅዛል! ፀሐይ ሲመታው ውሎ እሳት ሆኗል። ከንፈሬን ለበለበኝ እኮ።"

ይህ በየትኛውም መጽሐፍ አልነበረም። ልደታ የሳሌምን አፍ ትኩር ብላ አየች።

"የቱ ጋ?"

ሳሌም ሳቅ አለችና የታችኛውን ከንፈሯን በጣቷ አሳየቻት።