የይሻሽ ግራ እግር

ይሻሽ ከጎንደር ተነሥታ ሱዳን ድረስ በእግሯ የተሻገረች፣ ከዚያም እስራኤል የገባች ቤተ እስራኤል ሴት ናት። ፔታህ ቲክቫ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ከልጇ ከብሩ ጋር ቤት ከተሰጣት በኋላ ግራ ተረከዟ ላይ አንዲት ቁስል ወጣች። ጫማ የላጣት መስሏት ናቀቻት። ቁስሏ ግን ቅባቱንም ክኒኑንም እምቢ ብላ ከረመች። ትንሿ ጣቷም እንደ ከሰል ጠቆረች፤ እግሯ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንኳ አልሞቅ አለ።

ሆስፒታል የተቀበላት ዶክተር ቁስሉን ገልጦ አየና ፊቱን ወደ ብሩ አዙሮ በዕብራይስጥ ያወራ ጀመር። ብሩ አንገቱን ደፋ።

«ምን አለ?» አለች ይሻሽ።

«እማ… ከጉልበት በታች ይቆረጥ ነው የሚለው። መርዙ ወደ ላይ ሳይወጣ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን ልበል? በሰደር፣ እሺ አልኩት። ስትሞቺ ልይ?»

ይሻሽ አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። «በማን እግር ነው በሰደር የምትለው? ይሄ እግር ሽፍታ ያመለጥኩበት፣ አባትህን መንገድ ላይ ቀብሬ አንተን ይዤ የመጣሁበት ነው! ይልቅ ጠይቅልኝ፤ ቁስሉ ለምን አይድንም?»

ብሩ ጠይቆ ተመለሰ። «ደም ስርሽ ተደፍኗል። ደም ያላገኘ ሥጋ አይሽርም ይላል።»

«ታዲያ ደሙን ማውረድ ነው እንጂ፣ እግሩ ምን አጠፋ?»

ዶክተሩ ሲተረጎምለት ትከሻውን ሰበቀ። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም አለ፤ ግን ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም አለ።

«ካልተሳካ ያኔ ይቁረጥ። መጋዙ የትም አይሄድበትም» አለችና ያን ሐኪም ሳያመጡላት አልነሣም ብላ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ሞሼ የሚባል የደም ስር ሐኪም መጣ። ወንበር ስቦ ከአጠገቧ ተቀመጠ፤ ከብሽሽቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ትርታዋን በጣቱ እየዳበሰ ፈለገ። ደም ስሯን በራጅ ካስነሣ በኋላ፣ ከጭኗ ጤነኛ ስር አውጥቶ ከተደፈነው በላይና በታች ሊሰፋው እንዳሰበ በብሩ አስተርጓሚነት አስረዳት።

«ውሃ በቦይ እንደ ማዞር ነዋ» አለች።

«አዎ። ላይሆንም ይችላል።»

«ላይሆን ይችላል አልክ እንጂ አይሆንም አላልክም። ያላ፣ ጀምር!»

ቀዶ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ስትነቃ ሕመሙ ጥርሷን አስነከሳት። ብሩ እጁን በአንሶላው ሥር ሰዶ እግሯን ነካና፣ «እማ፣ ይሞቃል!» ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የጠቆረችው ጣት አልዳነችም። «እሷን ውሰዷት፤ ይበቃችኋል» አለች ይሻሽ። ቁስሉ ግን መጀመሪያ ቀላ፣ ቀስ በቀስም ሥጋ ሞላ፤ በጋው ሳያልቅ ጠገገ።

በዚያው መኸር የአገሩ የሃይማኖት መሪዎች፣ ረባኖቹ፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ሰው ይሁዲነቱ እንዲጸና እንደ አዲስ አማኝ ውሃ ገብቶ ይታጠብ አሉ። ወገኖቿ ተቆጥተው ኢየሩሳሌም፣ ረባኖቹ ደጃፍ ለተቃውሞ ሊቀመጡ ተነሡ።

«እማ፣ አንቺ ቅሪ። እግርሽ ገና ነው» አለ ብሩ።

ይሻሽ ጫማዋን እያሰረች ቀና አለች። «እግሬንም ሳይጠይቁኝ ሊቆርጡ ነበር፤ ይሁዲነቴንም ሳያውቁኝ ሊያጥቡ ነው? እዚያው ፊታቸው ሄጄ እምቢ እላለሁ።»

ብሩ ሊደግፋት ክንዱን ዘረጋ። ይሻሽ አልያዘችውም፤ የአውቶቡሱን ደረጃ እያነከሰች ብቻዋን ወጣች።